በአጋጣሚ የተገኘ ቅሪተ አካል ምንድን ነው?

ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ በወገል ጤና ከተማ ዙሪያ ባለው ገደል፣ ኦፓል የተባለውን የጌጥ ድንጋይ የሚያወጡ ወጣቶች በመዶሻና በመሮ እየፈለፈሉ አግድም የሚከተሉት የድንጋይ ንጣፍ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ከከመረው ድንጋይ መካከል የሚገኘው ይህ ስስ ንጣፍ ከጌጡ ድንጋይ ጋር አልፎ አልፎ ሌላም ነገር ይሰጣል፤ በጥንቱ አፈር ውስጥ የነበረ የተክል ሥር ወይም የእንጨት ቁራጭ፣ ሲሊካ የተባለው ማዕድን በቦታው ተተክቶ ቅርጹን እንደያዘ ወደ ኦፓልነት የተለወጠ። ነጋዴው የሚገምተው ቀለሙን ነው። ያ ቁራጭ ግን ቅሪተ አካልም ነው፤ ቆፋሪው ፈልጎት ሳይሆን ሌላ ሥራ ላይ ሳለ ያገኘው በመሆኑም ሕጉ ለብቻው ደንግጎለታል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በሰው እጅ ሥራ ብቻ ወስኖ ሳይሆን የተፈጥሮን ዕድገት የሚመሰክርና ከፍተኛ ሳይንሳዊ ዋጋ ያለውን ነገር ጨምሮ ነው። ቅሪተ አካል የሚገኝባቸውን ሥፍራዎችም ከማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ይቆጥራቸዋል። በእኔ ንባብ የደላንታው የተክል ሥር ከዚህ ትርጓሜ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

አዋጁ ሁለት መንገዶችን ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ ፍለጋና ጥናት ሲሆን፣ ያለ ባለሥልጣኑ፣ ማለትም ቅርስን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የጽሑፍ ፈቃድ አይፈቀድም። ሁለተኛው፣ በማዕድን ፍለጋ፣ በቤት ሥራ፣ በመንገድ ግንባታ ወይም በመሳሰለው ቁፋሮ ላይ ያለ ሰው ሳያስበው የሚያገኘው ነው። ይህ ሰው ያገኘውን ነገር ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ የማሳወቅና ርክክብ እስኪፈጸም ድረስ እንዳለ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ አለበት።

«እንዳለ» የሚለው ቃል ክብደት ያለው ነው። ሉሲ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስትገኝ፣ የተገኘችበት ሐዳር በወሎ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው አጥንቷ ተመርምሮ ሳይሆን በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ተመርምሮ ነው። አጥንቱ ከንጣፉ ተነጥሎ ኪስ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ አጥንት መሆኑ እንጂ የስንት ዘመን መሆኑ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ሕጉ የሚጠብቀው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው የወጣበትን ቦታም ጭምር ነው።

ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ ሲወረድ በሚገኘው በወራንሶ ሚሌ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። በ2008 ዓ.ም. አንድ የአካባቢው የአፋር ተወላጅ መሬት ላይ ያየውን የጥንታዊ ሰው መሰል ፍጡር የላይኛ መንጋጋ ለቅሪተ አካል ተመራማሪው ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ አሳየ፤ እሳቸውም የተገኘበት ድረስ ሄደው ሲመለከቱ የቀረውን የራስ ቅል ከዚያው ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ አገኙት። ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት ነው። አግኚው ቦታውን በትክክል ባያስታውስ ወይም መንጋጋውን ባቲ የሰኞ ገበያ ይዞት ወጥቶ ቢሆን፣ የቀረው አካል እዚያው ፈራርሶ በጎርፍ ይወሰድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አዋጁ በአግኚው ላይ ግዴታ ብቻ አልጣለም፤ መብትም ሰጥቶታል። በአጋጣሚ ያገኘውን ቅርስ ላስረከበ ሰው ባለሥልጣኑ ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ያደርጋል፣ ግዴታውን ሲወጣ ያወጣው ወጪ ካለም ይተካለታል። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ አስፈላጊውን ካልፈጸመ፣ አግኚው ሁኔታውን በዝርዝር ጽፎ ለክልሉ የሚመለከተው ኃላፊ በማሳወቅ ከኃላፊነት ነጻ መውጣት ይችላል። ለአንድ ኦፓል ቆፋሪ ስድስት ወር እጅግ ረጅም ነው፤ ከዋሻው አፍ የሚቀበለው ገዢ በዚያው ቀን ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጠዋልና። በበኩሌ የሽልማቱና የወጪው ድንጋጌ የማዕድን ማኅበራቱ በሚሰበሰቡበት ሁሉ በግልጽ ቢነገር፣ ከዛቻ ይልቅ ብዙ ቅሪተ አካል ያተርፋል እላለሁ።

እስከዚያው ግን፣ ከድንጋዩ ውስጥ የሥር፣ የቅጠል ወይም የአጥንት ቅርጽ ያየ ሰው መሮውን አቁሞ፣ ሳያጥብና ሳይፈቀፍቅ፣ የቱ ዋሻ፣ የትኛው ንጣፍ፣ ከጣሪያው ስንት ክንድ ዝቅ ብሎ እንደሆነ ምልክት አድርጎ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገር፤ በስልክ ፎቶ ሲያነሳም መዶሻውን አጠገቡ ቢያስቀምጥ መጠኑ ይታወቃል።