ሪፔለንት ምንድን ነው? በዓይን ለማትታይ ትንኝስ ይሠራል?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ነኝ። ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፏል። ነፋሱ ቀጥ ብሏል፤ ውሃው መስታወት መስሏል። ቡናዬን ፉት እያልኩ ቁርጭምጭሚቴን አካለሁ። ካልሲዬ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። አምስት ቆጠርኩና ተውኩት። የነከሰኝን ግን አላየሁም። ጆሮዬ ላይ ጥዝዝ ያለ ነገርም የለም።

ቡና የሚያፈሉት እትዬ ሳቁብኝ። "ነፋስ ሲቆም ነው የሚመጡት" አሉኝ። "ና ወዲህ፣ ወደ ጭሱ ጠጋ በል።"

ጠጋ አልኩ። ዓይኔ አለቀሰ እንጂ መነከሱ ቀነሰልኝ። በማግስቱ አንድ ሱቅ ገብቼ ትንኝ በቀይ መስመር የተሰረዘችበት ጠርሙስ ገዛሁ። ሽታው ደስ ይላል፣ ሎሚ ሎሚ ይላል። ማታ ተቀብቼ ሐይቅ ዳር ሄድኩ። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ማከክ ጀመርኩ። ጠርሙሱን ገልብጬ ጀርባውን ያነበብኩት ያኔ ነው። የሲትሮኔላ ዘይት ነው፤ የጠጅ ሳር ዘመድ ከሆነ ተክል የሚወጣ። ሌላ ምንም የለበትም።

ለመሆኑ ሪፔለንት ምንድን ነው? ቆዳ ላይ ወይም ልብስ ላይ የሚደረግ፣ ተናካሽ ነፍሳት እንዳይጠጉን የሚያደርግ ነገር ነው። አይገድልም። ብዙ ሰው ከፍሊት ጋር የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ፍሊት መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ ይነፋል፣ ትንኟ ትሞታለች። ሪፔለንት የተቀባ ሰው አጠገብ ግን ትንኟ በሕይወት ትዞራለች። ማረፊያው ብቻ ይጠፋባታል።

የምትነክሰው ሴቷ ናት። እንቁላል ለመጣል ደም ያስፈልጋታል። እኛን የምታገኘን በማሽተት ነው፤ መጀመሪያ የምናስወጣውን ትንፋሽ ተከትላ ትመጣለች፣ ስትቀርብ ደግሞ የላባችንን ሽታና የገላችንን ሙቀት ትከተላለች። ሪፔለንት ይህን የማሽተት ችሎታዋን ያምታታል። ሰፈሩን አውቆ በሩ እንደጠፋበት ሰካራም ትሆናለች። ግን ይህ የሚሆነው የተቀባው ቆዳ ላይና አጠገቡ ብቻ ነው። ክንዳችሁን ተቀብታችሁ ክርናችሁን ብትረሱ፣ ክርናችሁን ታገኘዋለች።

አሁን ወደ ነካሿ እንምጣ። ችግሩ እኛ ሁሉንም "ትንኝ" ብለን መጥራታችን ነው። ወባ የምታስተላልፈውም ትንኝ ናት፤ ማታ ሐይቅ ዳር አምፖል ላይ እንደ ደመና የሚሰፍረውም ትንኝ ይባላል። ይህ አምፖል ላይ የሚሰፍረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርገንም። የቢንቢ መልክ አለው እንጂ ቆዳ የሚበሳ አፍ የለውም። ልጅነቱን ሐይቁ ሥር ጭቃ ውስጥ ያሳልፋል፣ ለዓሣም ቀለብ ይሆናል። እኛ ግን እሱን እናየዋለን፣ እሱን እንሰድባለን።

ሰዳቢ የጠፋላት ሌላ ናት። ሳይንቲስቶች ኩሊኮይድስ ይሏታል። ቁመቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ጤፍ የሚያህል ጥቁር ነጥብ ገላችሁ ላይ ካያችሁና ሲያቃጥላችሁ ከተሰማችሁ እሷ ናት። የምትራባው ርጥብ ጭቃ፣ ረግረግና እበት ውስጥ ነው። ጀምበር ስትጠልቅና ገና ስትወጣ ትበረታለች። ብቻዋን አትመጣም፣ በመንጋ ነው። የተለመደው አጎበርም አያስጨንቃትም፤ በቀዳዳው ትሾልካለች። (ይህን ሰምታችሁ አጎበሩን እንዳታወርዱ! ወባ የምታስተላልፈዋ ትልቋ አታልፍበትም፤ ደግሞም በመድኃኒት የተነከረ ነው።)

ደስ የሚለው፣ ይህቺ ትንሿ ወባ አታስተላልፍም። ፈረስ ላላቸው ግን ወሬው ሌላ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ ቫይረስ ከፈረስ ወደ ፈረስ የምታዘዋውረው እሷ ናት። ባለጋሪዎች ፈረሱን ከመምሸቱ በፊት በረት ቢያስገቡት ይበጃል።

እሺ፣ የቱ ሪፔለንት ይሠራል? የጠርሙሱን ፊት ተዉት፤ ሥዕል ሁሉም ላይ አለ። ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ፈልጉ። አንደኛው ስም ዲት ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ረጅሙ ስሙ፣ ዳይኢታይል ቶሉአማይድ፣ ይጻፋል። የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ ብሎ በ1940ዎቹ ያስገኘው ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው በ1957 ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። እስከ ዛሬ ሌላው የሚለካው ከእሱ ጋር ነው። ሁለተኛው ፒካሪዲን ወይም ኢካሪዲን ነው፤ ሽታው የለም ማለት ይቻላል፣ አያጣብቅም። አይ አር 3535 የሚባልም አለ። አራተኛው ፒኤምዲ ነው፤ የሚገኘው ሽቶ ባሕር ዛፍ ከሚባለው፣ ቅጠሉ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው ዛፍ ዘይት ነው። ቅጠሉን አሽቶ መቀባት ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

ከስሙ ቀጥሎ ፐርሰንቱን እዩ። ፐርሰንት ሲባል ብዙ ሰው የኃይል መጠን ይመስለዋል። አይደለም፣ የጊዜ ነው። 10 ፐርሰንት ዲት ትንኝን ለ2 ሰዓት ያህል ቢያርቅ፣ 24 ፐርሰንቱ ወደ 5 ሰዓት ይወስደዋል። ከ50 ፐርሰንት በላይ መክፈል ትርፉ ትንሽ ነው። ፒካሪዲን ከሆነ 20 ፐርሰንቱን ፈልጉ። የእኔ ሎሚ ሎሚ የሚለው ሲትሮኔላ ደግሞ ቶሎ ስለሚተን አንድ ሰዓትም ላይቆይ ይችላል።

ለትንሿም የሚሠሩት እነዚሁ ናቸው። እኔ ብጠየቅ ለሐይቅ ዳር ምሽት ፒካሪዲን እመርጣለሁ። ግን ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ብዙውን ጊዜ በቢንቢ የተለካ ነው። ትንሿ በመንጋ ስለምትመጣ ያልተቀባ ቦታ ፈልጋ ለማግኘት ጊዜ አይፈጅባትም። ስለዚህ ጆሮ ጀርባ፣ ማጅራት፣ የካልሲ ጠርዝ ሳይቀር መቀባት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በበጋ ሰውን ከደጅ የምታባርር የእሷው ዘመድ አለች። እዚያ ገላቸውን በዘይት የሚቀቡም አሉ። ዘይቱ ማባረሪያ ስለሆነ አይደለም፤ በጣም ትንሽ ስለሆነች ተጣብቃ ትቀራለች። እኔ ግን አልመክርም።

የእትዬ ነገር ደግሞ ትክክል ነበር። ይህቺ ነፍሳት ደካማ በራሪ ናት፤ ለእኛ ቀለል ያለው ነፋስ ለእሷ አውሎ ነፋስ ነው። በረንዳ ላይ የምታመሹ ከሆነ አንድ ቬንትሌተር ወደ እግራችሁ አዙሩ። ብዙ ይረዳል፤ ትንፋሻችሁንም ይበትንባታል። መብራት ከጠፋ ግን ያው ወደ ጭሱ መጠጋት ነው። የኩበትም ሆነ የወይራ ጭስ በተወሰነ ደረጃ ያርቃል፤ ሳንባን ግን አይምርም፣ በተለይ ልጆች ባሉበት። የስልክ አፕሊኬሽን "በድምፅ ትንኝ ያባርራል" የሚባለውን አውርጄዋለሁ። ባትሪዬን ጨረሰ።

ስለ ልጆች ካነሳን፦ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ምንም ሪፔለንት አይቀባም። ፒኤምዲ ያለበት ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። የልጅ እጅ ላይ አትቀቡ፤ አፉና ዓይኑ ውስጥ ይከተዋል። ፊት ላይ በቀጥታ አይረጭም፣ በእጅ ነው የሚዳሰሰው። ሰንስክሪን የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ ሪፔለንቱ። ስትተኙ ታጠቡት።

በመጨረሻ ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅኩ። ፒካሪዲን አልነበራቸውም። ልጅቷ 30 ፐርሰንት ዲት ያለበት ሎሽን አወጣችልኝ። ማታ ሐይቅ ዳር ተቀብቼ ተቀመጥኩ፣ ሠራ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አላከክሁም። ቤት ስገባ ግን ስልኬ ከእጄ አልላቀቅ አለኝ፣ ሽፋኑ ሙጫ ሆኗል። በማግስቱ ተመልሼ አሳየኋት።

"ጋሼ፣ እጅዎን ሳይታጠቡ ስልክ ነኩ?"

ጋሼ ለመባል ገና ነኝ ብዬ ነበር። ነካሁ አልኳት። ዲት ፕላስቲክ ያሟሟል አለችኝ፤ የመነጽር ፍሬም፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ የጥፍር ቀለም ሳይቀር። ፒካሪዲን ይህ ጠባይ የለበትም። የስልኬ ሽፋን ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀም።