በሩ የማይታየው ቤተ ክርስቲያን

ወገኖች፣ አንድ ሰዓሊ ወይም ዘፋኝ ከጉባኤ ሲቀር ምን እንላለን? «ቀዝቅዟል»፣ «ነፃነት ፈልጎ ዓለም ገባ» ብለን እንገላገላለን። እኔም ብያለሁ። የቪንሰንት ቫን ጎግን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ግን ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት ከብዶኛል።

ቫን ጎግ በ1853 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ኔዘርላንድስ ውስጥ የተወለደ የፓስተር ልጅ ነው። ሰዓሊ ከመሆኑ በፊት ወንጌል ሰባኪ ነበር። በ1876 እንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ስብከቱን ሲሰብክ የመረጠው ቃል መዝሙር 119፥19 ነው፤ «እኔ በምድር እንግዳ ነኝ»።

ከዚያ ወንጌል ሊሰብክ ተልኮ ቤልጅየም ሄደ፣ ቦሪናዥ ወደሚባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ። እዚያ ያደረገውን ስሙልኝ። ዳቦ ጋጋሪ ቤት የነበረችውን ደህና ክፍል ትቶ ጎጆ ውስጥ ገለባ ላይ ተኛ፣ ልብሱን ለከሰል ቆፋሪዎቹ ሰጠ፣ በሽተኞችን አስታመመ፣ እሱ ራሱ ከእነሱ እስከማይለይ ድረስ ጎሰቆለ። «ሁለት ልብሶች ያሉት ለሌለው ያካፍል» የሚለውን እኛ እናስተምረዋለን፤ እሱ አደረገው። የላኩት ሰዎች ግን አበዛው፣ ደግሞም ንግግር አይችልም ብለው በ1879 የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ አሰናበቱት።

እንግዲህ ማን ማንን ተወ?

በ1880 ሰዓሊ ለመሆን ቆረጠ። በቀጣዩ ዓመት በገና ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብሎ ከአባቱ ጋር ክፉኛ ተጣላ፣ ከቤትም ወጣ። ያደረገው ሁሉ ልክ ነው አልልም፤ አባትን እንዲያ ማሳዘን ያማል። ጳውሎስም «ለአርነት ተጠርታችኋልና» ካለ በኋላ ወዲያው «በፍቅር እርስ በርሳችሁ እንደ ባሪያዎች ሁኑ» ይላል። ግን ባገኘው ነፃነት ምን ሠራ? ያንኑ ድሃ ሣለ። በ1885 በሣለው «ድንች በላተኞች» አምስት ገበሬዎች በአንድ ኩራዝ ዙሪያ ተቀምጠው ድንች ይበላሉ። ሳህኑ ውስጥ የገቡት እጆች መሬቱን የቆፈሩት እነዚያው እጆች መሆናቸውን ማሳየት እንደፈለገ ለወንድሙ ጽፎለታል። ይህ ለእኔ ስብከት ነው።

በዚያው ዓመት አባቱ ሞቱ። ከወራት በኋላ የአባቱን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ሣለ፤ አጠገቡ የጠፋ ሻማ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ የተነበበ የዘመኑ ፈረንሳዊ ደራሲ የኤሚል ዞላ ልብ ወለድ አለ። ብዙ ሰው አሮጌው ቀርቶ አዲሱ መጣ ማለቱ ነው ይላል። ይሆናል። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱሱ የተገለጠው የት ላይ ነው? ኢሳይያስ 53! «የተናቀ ከሰውም የተጠላ፥ የሕማም ሰው»። ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ልጅ ከሺህ ገጽ ውስጥ ይህን ገጽ ከፈተ።

በ1888 ጌታን በጌቴሴማኒ ለመሣል ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ፋቀው። በዚያው ዓመት ለወንድሙ ሲጽፍ ሃይማኖት ክፉኛ እንደሚያስፈልገው፣ ያኔም ሌሊት ወጥቶ ከዋክብትን እንደሚሥል ነገረው። ረሃቡ አልሞተም ነበር። የሚበላበት ገበታ ነው የጠፋው።

በ1890፣ ሊሞት ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው፣ ፈረንሳይ ኦቬር ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሣለ። መንገዱ ፊቱ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዲት ሴት በጎን ታልፋለች፣ በር ግን አይታይም። ከጀርባ ስለሣለው ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም ልጫንበት አልፈልግም። እኔን ግን ያ ሥዕል ያስጨንቀኛል።

ለጉባኤያችን የመድረክ ሥዕል ይሠራልን የነበረ አንድ ወጣት ነበር። «ይህ ምን መንፈሳዊነት አለው?» እያልን ሥዕሉን አጣጣልንበት፣ ከዚያ ቀረ። ከመካከላችን ሄዶ የጠየቀው የለም። አሁን ምን እንደሚሥል አላውቅም። ስልኩ ግን አለኝ፤ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። እናንተም የምትደውሉለት ሰው ካለ ለምን ቀረህ ብላችሁ አትጀምሩ፤ ምን እየሣልክ ነው በሉት።