ሪዘርቭ መጽሐፍ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ቡና እየጠጣን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍሬሽ የሆነው የአክስቴ ልጅ ምሬቱን አወረደብኝ። «መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን ሪዘርቭ ነው፣ አይወጣም አሉኝ። ለማን ነው ያስቀመጡት?» ሳቄ መጣ። እኔም በጊዜዬ ለመምህራን የተደበቀ ይመስለኝ ነበር።

ለማንም አልተደበቀም። ሪዘርቭ ማለት ፈላጊው ብዙ፣ ኮፒው ግን ጥቂት የሆነ መጽሐፍ ከተራው መደርደሪያ ተነሥቶ ከሠራተኛዋ ጠረጴዛ ጀርባ ሲቀመጥ ነው። ብዙ ጊዜ «ለዚህ ኮርስ ይህን ያዙልኝ» የሚለው መምህሩ ነው። መታወቂያህን ታስይዛለህ፣ እዚያው ቁጭ ብለህ ታነባለህ፣ ሰዓትህ ሲያልቅ ትመልሳለህ። ሁለት ሰዓት የሚሰጥ አለ፣ ሦስት የሚሰጥም አለ። አንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ማታ ሊዘጋ ሲል ያውስህና ጠዋት በሩ ሲከፈት ይዘህ እንድትገኝ ያደርግሃል።

ወሎ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፣ የቅሬ (የእድር) ድስት ነው። ድስቱ የአባላቱ ሁሉ ነው፣ ለቅሶ የደረሰበት ቤት ይወስዳል፣ ሐዘኑ ሲያበቃ ታጥቦ ይመለሳል። አንዱ «እኔም መዋጮ ከፍያለሁ» ብሎ ወር ሙሉ ጓዳው ቢያስቀምጠው ሌላው ቤት ለቅሶ ሲመጣ ወጡ በምን ይሠራ?

ሂሳቡን እንየው። አንድ ኮርስ 200 ተማሪ አለው፣ መጽሐፉ 5 ኮፒ ብቻ ነው እንበል። እያንዳንዱ ኮፒ ለሳምንት ቢወጣ በሳምንት የሚደርሰው ለ5 ሰው ነው፤ 200ው እስኪዳረስ 40 ሳምንት ይፈጃል፣ ሴሚስተሩ ደግሞ 16 ሳምንት ገደማ ነው። በሁለት ሁለት ሰዓት ቢሰጥና ቤተ መጻሕፍቱ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 4 ቢከፈት ግን አንዱ ኮፒ በቀን ለ7 ሰው ይደርሳል፣ አምስቱ ለ35። ስድስት ቀን ሳይሞላ ሁሉም ያየዋል። አንድ ብር ሳይወጣ፣ አንድ መጽሐፍ ሳይገዛ!

ጥፋቴን ልናገር። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አንሥቼ ማንም በማይነካቸው የአፈር ሳይንስ መጻሕፍት መሀል ወሸቅኩት፣ ፋይናል እስኪያልቅም የግሌ አደረግኩት። ከእኔ የባሰም ነበር፣ ምዕራፍ አራትን በምላጭ ቆርጦ የሄደ። ሪዘርቭ እንደኛ ላለው ጭምር ነው የተፈጠረው።

እንከን የለውም አልልም። ሠራተኛዋ ምሳ ወጥታ መስኮቱ ከተዘጋ የሁለት ሰዓቱ ስሌት ውኃ በላው። ከግቢ ውጭ የሚኖር፣ በተለይ መሽቶ መመለስ የምትፈራ ልጅ፣ የማታውን ሰዓት አትጠቀምበትም። ሙሉውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ መገላገልም ቀላል አይደለም፣ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) አለ።

ወረፋውን ጨርሶ የሚያስቀረው በኢንተርኔት የሚነበበው ነው። ወረቀቱን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ በቤተ መጻሕፍቱ ፈቃድ የተገኘን የጆርናል (የምርምር መጽሔት) ጽሑፍ ግን ደሴ ያለውም ኮምቦልቻ ያለውም እኩል ሊያነበው ይችላል። የጤና ተማሪ ከሆንክ ሂናሪ የሚባለውን ጠይቅ፤ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ነው፣ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የጤና ጆርናሎችን በነፃ ይከፍታል። ለእርሻው ደግሞ አጎራ አለ። የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው፣ ካልጠየቅክ ግን ዶርም ድረስ መጥቶ የሚነግርህ የለም። በ2014ቱ ጦርነት ወልድያና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች የደረሰባቸውን ውድመት ላየ ሰው፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ብቻ እንደማያስተማምን መንገር አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ዘረዘርኩለት። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከበሩ ደርሶ መጽሐፉን አገኘና ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

«የቅሬ ድስት ያልከው እውነትህን ነው» አለኝ። «ትናንት ያሳደረው ሰው ገጹ ላይ ሽሮ ደፍቶበታል።»