በሰሜን ሸዋ የሴት ስም፣ ትዳር እና ወደ ባል አገር መሄድ

በሰሜን ሸዋ አንዲት ሴት ስታገባ የሚለወጠው ከስሟ ፊት ያለው ቃል ብቻ ነው። ወይዘሪት የነበረችው ወይዘሮ ትባላለች። የራሷ፣ የአባቷና የአያቷ ስም ባሉበት ይቀጥላሉ። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ እስከ ዓለም ከተማ ይኸው ነው። በሌላውም የአገራችን ክፍል በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ እዚህ የምጽፈው ግን የማውቀውን የሸዋውን ነው።

ጥያቄው የሚመጣው ልጅቷ ውጭ ያለ ሰው አግብታ እሱ ወዳለበት ልትሄድ ፎርም ስትሞላ ነው። «ላስት ኔም» የሚል ሳጥን አለ። ባል በስልክ «የእኔን ሙዪው» ይላታል። አባትየው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቡናውን እየጠጣ ይሰማል።

ስምና ትውልድ ቆጠራ

ነገሩ እንዲገባን ርስትን ማንሳት ግድ ነው። በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ መሬት የሚጠየቀው ትውልድ ተቆጥሮ ነበር። «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ» እያለ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አባት ድረስ መዝለቅ የቻለ ሰው ድርሻ ይጠይቃል። ቆጠራው በአባትም በእናትም ወገን ይሄዳል፤ ሴትም ርስት ትወርሳለች። እንግዲህ ሴት ልጅ የአባቷን ስም ጣለች ማለት የመሬት ማስረጃዋን ጣለች ማለት ነበር። ይህ ሥርዓት በየካቲት 1967 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አበቃ። ቆጠራው ግን አልቀረም፣ ለጋብቻ ይፈለጋላ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

ከውጭው ልማድ ጋር የምንጋጨውም እዚህ ላይ ነው። አልማዝ ከበደ የምትባል ልጅ ዳዊት ታደሰ ወልዴን አገባች እንበል። የባሏን አባት ስም ወስዳ አልማዝ ታደሰ ብትባል፣ በአማርኛ ጆሮ አልማዝ ታደሰና ዳዊት ታደሰ እህትና ወንድም ናቸው። የባሏን የራሱን ስም ወስዳ አልማዝ ዳዊት ብትባል ልጁ ሆነች። እዚያ አገር የተመዘገበው የአያቱ ስም ከሆነ ደግሞ (ፓስፖርታችን ላይ አያት መጨረሻ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይሄ ነው) አልማዝ ወልዴ ማለት የባሏ አክስት ናት። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለዳረ ሽማግሌ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። የመንደር ሰው «አባቷን ለወጠች» የሚለው ለክፋት አይመስለኝም፤ ስሙን ሲያነበው የሚሰማው እንደዚያ ነው።

በቤተ መንግሥት

ስለ ተራው ሰው የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ስለ ነገሥታቱ ግን ሞልቷል። የሸዋ ቤተ መንግሥት በዚህ ረገድ የሚያኮራ ታሪክ አለው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበወርቅም ሚስቱ በዛብሽም በታሪክ የሚታወቁት በራሳቸው ስም ነው። ምኒልክ በ1875 አንኮበር ላይ ጣይቱን አገቡ። ጣይቱ የሸዋ ተወላጅ አይደሉም፤ ትዳራቸው ግን እዚሁ እኛው ዘንድ ቆመ። እቴጌ ከሆኑም በኋላ ጣይቱ ብጡል ነበሩ። «ጣይቱ ምኒልክ» ብሎ የጠራቸው ቢኖር እንኳን እሳቸው ዘበኛውም ይቆጣ ነበር። ዘውዲቱም ራስ አርአያ ሥላሴን፣ ኋላም ራስ ጉግሣ ወሌን ሲያገቡ ዘውዲቱ ምኒልክ እንደሆኑ ቀሩ፤ በዚያው በአባታቸው ስም ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤትም እስከ መጨረሻው መነን አስፋው ናቸው።

አማት የምታወጣው ስም

ሙሽራ ስም አትቀበልም ማለት ግን አይደለም። በአያቶቻችን ጊዜ አማት ለምራቷ የቤት ስም ታወጣላት ነበር። በሁሉም ቤት ነበር አልልም፤ ዛሬም ገጠር ውስጥ ጨርሶ አልጠፋም። ሙሽራዋም በተራዋ የባሏን ወንድሞችና እህቶች በስማቸው አትጠራም፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድምዓለም እያለች እሷም ስም ታወጣለች። ይህ ሁሉ ከደጅ አያልፍም፣ ወረቀት ላይም አይሰፍርም።

ሌላው የክርስትና ስም ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የሚሰጥ ነው። በቁርባን የሚጋቡ በዚህ ስም ይጋባሉ፣ ሲሞቱም የሚፈቱት በዚሁ ነው። እሱን ማንም ኤምባሲ አይጠይቅም።

ሕጉ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ የፈረንሳዊው ምሁር የሬኔ ዳቪድ ነው። እንደ አውሮፓው ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ሊያወጣ አስቦ ነበር። በተግባር አልያዘም። ያም ሆኖ ይኸው ሕግ ያገባች ሴት የራሷን ስም ይዛ ትቀጥላለች ይላል። በክልሉ ያለው ጋብቻ ዛሬ የሚመራው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በማዘጋጃ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በባህል ቢፈጸም ጋብቻው ጋብቻ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 መጨረሻ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለውጭ የሚፈለገው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከዚያ ይወጣል። እዚያ ላይ ሚስት ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ትጻፋለች።

በባል አገር

ሰው «ውጭ» እያለ አንድ ላይ ቢጠቀልለውም አገሮቹ አይመሳሰሉም። አሜሪካ የባልን ስም መውሰድ ይፈቀዳል፣ አይገደድም። በእጮኛ ቪዛ የገባች ልጅ በ90 ቀን ውስጥ ማግባት አለባት፤ የግሪን ካርድ ማመልከቻዋን በባሏ ስም ማስገባት ትችላለች። አግብታ የሄደች ቪዛዋ በፓስፖርቷ ስም ይመታል። ያኔ ያልወሰነች ዜግነት ስታመለክት ስም የመለወጥ ዕድል ይሰጣታል፤ የዜጋ ሚስት ከሆነችና አብረው ከኖሩ ማመልከት የሚቻለው ግሪን ካርድ ከያዘች ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ቪዛ ላይ መጣደፍ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

ጀርመን የጋራ የቤተሰብ ስም መምረጥ ይቻላል። ከሚያዝያ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ ሁለቱም ባልና ሚስት ጥምር ስም መያዝ ተፈቅዶላቸዋል፣ የአባቷን ስም መተው ለከበዳት ጥሩ መውጫ ነው። ጣሊያን ሚስት በሕግ የምትታወቀው በራሷ ስም ነው። የካናዳዋ ኩቤክ ከዚህም ትብሳለች። ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባልና ሚስት በየልደት ስማቸው ይቀጥላሉ፤ በጋብቻ ብቻ የባልን ስም ልውሰድ ብትል አይሆንላትም። የእኛ አባቶች እዚያ ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር።

ስሙ ባይለወጥም የላቲን ፊደሉ ራሱ ፈተና ነው። ፀሐይወርቅ የምትባል ልጅ «ፀ»ን በስንት ፊደል ትጻፈው? «ወርቅ» የሚለው እንግሊዝኛ ላይ «ሥራ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ይሆንና የአየር ማረፊያው ሰው «ቲሴሃይ ዎርክ» ብሎ ይጠራታል። ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ ዓይነት ከተጻፈ ማስተካከሉ ከቪዛው በላይ ያደክማል።

ከለወጡ በኋላ

የስም ለውጡ እዚያ አገር ላይ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። እዚህ ግን የ12ኛ ክፍል ውጤቷ፣ ዲግሪዋ፣ የልደት ካርዷ በድሮው ስም ናቸው። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ስታወጣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማሳየት አለባት። አባቷ አርፈው ውርስ ስትጠይቅማ ወረዳ ፍርድ ቤት ምስክር ያስፈልጋታል። ምክሬ የጋብቻ ወረቀቱን ዋና ቅጂና የድሮውን ፓስፖርት አለመጣል ነው።

የማውቃቸው አንዲት እናት ከሞላሌ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው ልጃቸው የላከችውን ገንዘብ ሊቀበሉ ባንክ ተሰለፉ። ገንዘብ ከፋዩ «ላኪው ማን ነው?» አላቸው። የልጃቸውን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ነገሩት። «እንዲህ የሚባል ላኪ የለም» አለ። ደግመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነገሩት። ሰልፉ ሁሉ የሟች ባላቸውን ስም ሰማ። የዚያን ቀን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አሁን አዲሱን ስም ለጎረቤት ልጅ አስጽፈው፣ ወረቀቱን የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ነው የሚመጡት፤ ተራቸው ሲደርስ ፈትተው በመስኮቱ ያቀብሉታል።