የፋርማሲ መምህራንን የምርምር ኅትመት ስለመለካት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ብዙ ያሳተመ መምህር የላቀ ተመራማሪ ነው።» ከሁሉ የተስፋፋው አመለካከት ይህ ቢሆንም፣ የኅትመት ብዛት በቅድሚያ የሚያሳየው የሥራውን ዓይነት ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ፋርማኮሎጂ (መድኃኒት በሰውነት ላይ የሚሠራውን የሚያጠናው ዘርፍ) እና ክሊኒካል ፋርማሲ (በሕሙማን የመድኃኒት አጠቃቀም ላይ የሚያተኩረው ዘርፍ) በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር ተጣምረው ቆይተዋል። በክሊኒካል ፋርማሲ ከሕክምና መዝገብ የሚሠራ የዳሰሳ ጥናት በወራት ሊያልቅ ሲችል፣ በፋርማኮሎጂ ከአንድ ዕፅ ተዋጽኦ ውስጥ ንጥረ ነገር ነጥሎ በእንስሳት ላይ መፈተን ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በአንጻሩ የክሊኒካል ፋርማሲ መምህሩ ቀኑን በሆስፒታል ክፍሎች ከሐኪሞች ጋር ሕሙማንን በመጎብኘት እና ተማሪዎችን በተግባር በማሠልጠን ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ለምርምር የተመደበለት ጊዜ ሳይታወቅ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ፣ በእኔ እምነት፣ ምዘና ሊባል አይገባውም።

«ጆርናሉ ከፍተኛ ኢምፓክት ፋክተር ካለው ጽሑፉም ጥሩ ነው።» ይህ መለኪያ አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በተከታዩ ዓመት በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ከመግለጽ አያልፍም። ጥቂት እጅግ የተጠቀሱ ጽሑፎች አማካዩን ወደ ላይ ስለሚስቡት፣ በዚያው ጆርናል ከወጡት አብዛኞቹ ከአማካዩ በታች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫም መለኪያው ለቅጥር፣ ለዕድገት እና ለምርምር ገንዘብ ውሳኔ እንዳይውል አሳስቧል።

«ኤች-ኢንዴክስ ይህን ችግር ይፈታል።» የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረበው፣ የአንድን ተመራማሪ የጽሑፎች ብዛትና የተጠቀሱበትን ጊዜ አጣምሮ በሚለካው በዚህ ስሌት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው 20 ያገኛል። ሆኖም ሦስት ጽሑፎች ብቻ ኖሮት እያንዳንዳቸው ሺህ ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው ከ3 አያልፍም። ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ስለሚያድግ ረዳት ፕሮፌሰርን ከአንጋፋ ፕሮፌሰር ጋር ለማወዳደርም አይበጅም።

«የመምህራኑን ኅትመቶች ደምሮ ለመምህራኑ ብዛት ማካፈል የትምህርት ቤቱን አቅም ያሳያል።» አሥር መምህራን አሉ እንበል፤ ሁለቱ 30፣ 30 ጽሑፍ ሲያወጡ የቀሩት ስምንቱ አንድ አንድ ቢያወጡ አማካዩ 6.8 ይሆናል፤ መካከለኛው ዋጋ (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ግን 1 ነው። በዚያ ላይ አምስት የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን አብረው የጻፉት አንድ ጽሑፍ በድምሩ ውስጥ አምስት ሆኖ ይቆጠራል።

«የትኛውም የመረጃ ቋት ያው ነው።» አይደለም። የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና የጉባኤ ጥራዞችን ጭምር ስለሚሰበስብ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የተመረጡ ጆርናሎችን ከሚመዘግቡት ከስኮፐስ እና ከዌብ ኦቭ ሳይንስ ይበልጣል፤ በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ያልተካተተ የአገር ውስጥ ጆርናል ደግሞ ጨርሶ አይቆጠርም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የስሙ ጉዳይ ተጨማሪ ፈተና ነው፤ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በቦታው የአባት ስም ይገባል፣ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋል፣ በአባት ስምና በራሳቸው ስም የመጀመሪያ ፊደል የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎችም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አሃዝ መለያ ችግሩን ያቃልላል፤ የሚያቃልለው ግን መምህሩ አውጥቶ ሲጠቀምበት ብቻ ስለሆነ፣ መዛኙ አካል የሰበሰበውን ዝርዝር ከመቁጠሩ በፊት ለባለቤቱ አሳይቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል።