የሊንከን አዋጅ ማንን ነው ነፃ ያወጣው?

ብዙ ሰው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 (በፈረንጆቹ) አዋጅ አወጣና ባርነት በመላው አሜሪካ ያኔውኑ ቀረ ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አዋጁ ነፃ ያወጣው በእርስ በርስ ጦርነቱ ባመፁት የደቡብ ግዛቶች የነበሩትን ባሪያዎች ብቻ ነው፤ እነሱንም ቢሆን ሁሉንም አይደለም። ከሰሜኑ ጋር የቀሩትን ኬንታኪን፣ ሜሪላንድን፣ ሚዙሪንና ደላዌርን ግን ባርነት እያለባቸው አልነካቸውም።

ግራ ያጋባል አይደል? ሊንከን አዋጁን ያወጣው በጦር አዛዥነት ሥልጣኑ ነበር፤ ስለዚህ የጠላትን ጉልበት መንጠቅ ይችላል፣ ያላመፀን ግዛት ሕግ ግን በብዕሩ ብቻ መሻር አይችልም፤ በዚያ ላይ ኬንታኪ ወደ ደቡብ እንዳትከዳው ይሰጋ ነበር።

"ያው ወረቀት ነው" የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። የሰሜኑ ጦር በገፋ ቁጥር አዋጁም አብሮት ይገባ ነበር፤ ለጥቁሮች የውትድርና በር ከፍቶም 180 ሺህ ገደማ ዘመቱ። ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ላይ ነፃነቱ በጦሩ ትእዛዝ የተነገረው ግን ጁን 19 ቀን 1865 ነው፤ የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን ከሰጠ ከሁለት ወር በኋላ። አሜሪካ ያላችሁ የምታውቁት የጁንቲንዝ በዓል እሱ ነው።

ኬንታኪና ደላዌር ደግሞ ባርነትን የከለከለው የሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ በዲሴምበር 1865 እስኪጸድቅ ድረስ ባርነትን አልለቀቁም።