የአርመን የትውልድ አፈ ታሪክ በሠዓሊዎች ሸራ

አርመናውያን ራሳቸውን «ሃይ» የሚሉት የዘራቸው ግንድ ነው በሚሉት በሃይክ ስም ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሞቭሴስ ኾሬናትሲ እንዳቆየው፣ ሃይክ ለባቢሎኑ ቤል አልገዛም ብሎ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አራራት ምድር ሄደ፤ ቤልም ጦር አስከትሎ ሲመጣበት ደረቱን በቀስት ወግቶ ጣለው። ትረካው ለሥዕል የተመቸ ቢመስልም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን ቶሮስ ሮስሊንን የመሳሰሉ የብራና ሠዓሊዎች በዋነኛነት ይሥሉ የነበረው ወንጌልን ነው። አፈ ታሪኩ በሰፊው ወደ ዘይት ቀለም ሸራ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሕዝቡ የራሱ መንግሥት ሳይኖረው በሩሲያና በኦቶማን ግዛቶች ተከፋፍሎ ሳለ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በባሕር ሥዕሎቹ የታወቀው አይቫዞቭስኪ በ1889 ኖኅ ከአራራት ሲወርድ ሣለ። ቤተሰቡና እንስሳቱ ተከታትለው ሜዳውን ሲያቋርጡ ተራራው ከኋላቸው በንጋት ጭጋግ ፈዞ ይታያል። በ1892 ደግሞ የአርመን ሕዝብ ክርስትናን በሰበከለት በቅዱስ ጎርጎርዮስ እጅ ሲጠመቅ ሣለ። የዚህ ታሪክ አንድ ክፍል ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ የአርመኑ ንጉሥ ድርጣድስ ያስገደላት ህሪፕሲሜ ቅድስት አርሴማ ናትና።

ከሁሉ የሚልቀው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ቫርድገስ ሱሬንያንትስ በ1899 የሠራው ሥዕል ነው። የአሦር ንግሥት ሻሚራም በውበቱ የተማረከችለት የአርመኑ ንጉሥ አራ አላገባሽም ስላላት ጦር አዘመተችበት፤ በሕይወት እንዲያዝ ብታዝዝም በውጊያው ሞተ። አማልክቷ ቁስሉን ልሰው እንዲያስነሡት አስከሬኑን በቤተ መንግሥቷ ሰገነት አስቀመጠች፤ እርሱ ግን አልተነሣም። ሱሬንያንትስ ጦርነቱንም ተአምሩንም ትቶ የመረጠው ዝምታውን ነው፤ ድል ያደረገችው ንግሥት ከሬሳው አጠገብ ተቀምጣ ትታያለች። በ1890ዎቹ አጋማሽ በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ የደረሰውን እልቂት የሚያስታውስ ተመልካች፣ ይህን አስከሬን የአንድ ሰው ብቻ አድርጎ ማየት ይከብደዋል።

የአርመን ሕዝባዊ ጀግና የሆነው የሳሱኑ ዳዊት የጀግንነት ትረካ ወደ ሥዕል ዘግይቶ ነው የመጣው፤ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ በጽሑፍ የታተመው በ1874 ነበርና ሠዓሊዎቹ የሚከተሉት የቀደመ አሣሣል አልነበራቸውም። ሃኮብ ኮጆያን በ1922 ከሣለው በኋላ፣ ዬርቫንድ ኮቻር ለ1939ኙ እትም በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የሚመስሉ ሥዕሎችን አዘጋጀ። ዳዊትንም በ1959 በፈረስ ላይ ያለ ሐውልት አድርጎ በዬሬቫን ባቡር ጣቢያ ፊት አቆመው።